በማንኪያ የተሰፈረ ባሩድ

ከኪራሙ የወጣሁ ዕለት አይሱዙው ላይ ያሳፈሩኝ ኦቦ ቡልቻ ናቸው፤ ማር የተቀባ አውራ ጣታቸውን አጥብተው ልጅ ያደረጉኝ የጡት አባቴ። «ሂድ ልጄ፣ የሰው አፍ እስኪበርድ» ብለው መረቁኝ፤ እኔም ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ግን ሊሸኘኝ አልወጣም። በቆሎ የሚያወድም ከርከሮ ሲያባርር፣ ያዋስኩት ጠመንጃ ፊቱ ላይ ፈንድቶ አንድ ዓይኑን አጥፍቶታል። ያገለገለውን ቀለህ እንደገና ባሩድ ሞልተው የሰጡት ኦቦ ቡልቻ ነበሩ፤ ለሰፈሩ ሁሉ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ሲቀመጥም እሳቸው «ጠመንጃውን ሳይወለውል አውሶት ነው» አሉ። እኔም አመንኩ፤ ስንፍናዬን ራሴ አውቀዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ስንቱን ላውራችሁ! በሞያሌ አድርጌ ደቡብ አፍሪካ ደረስኩ። የስደተኛ ቢሮዋ ሴትዮ «ከምን ሸሸህ?» አለችኝ።

«ከሰው ወሬ።»

«ለእሱ ቅጽ የለንም» አለች። ፓፕ የሚሉት ምግባቸው የኛው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤ ነፍገውት እንጂ።

ሥራ ያገኘሁት አዳኞች ጥይት የሚገዙበት ሱቅ ነው። ባለቤቱ፣ ባስ፣ አለቃ እንደማለት፣ የምንለው ሽማግሌ፣ ቀለህ ሲሞላ ባሩዱን በሚዛን ይመዝናል፣ መጽሐፉን ያያል፣ ከዝቅተኛው ይጀምራል፣ ተኩሶ የጥይቱን ፍጥነት በመሣሪያ ለክቶ ይጽፋል። ምንነቱን የማያውቀውን ባሩድ አያስጠጋም። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ የሰይድን ነገር አጫወትኩት።

«የቱ ጋ ፈነዳ?» አለኝ።

«ጥይቱ የሚገባበት ጋ። ወደ አፈሙዙ ደህና ነበር።»

«ቆሻሻ ቢሆን የጠመንጃው ቱቦ ነበር የሚያብጠው። ይሄ የባሩድ ጥፋት ነው።»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ወዲያው ደወልኩ።

«አከም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ» አሉ ኦቦ ቡልቻ፤ «እንዴት ነህ ልጄ» ማለታቸው ነው።

«አባዬ፣ የሰይድን ጥይት በምን ባሩድ ሞሉት?»

«የለመድኩት አልበቃ ሲል ከሌላ ጠርሙስ ጨመርኩበት። በማንኪያ።»

«ጥፋቱ የእርስዎ እንደሆነ መቼ አወቁ?»

«በማግስቱ። የቀረውን ወንዝ ደፋሁት።»

ሽማግሌ የተቀመጠው በሳምንቱ ነበር። አውቀው ነው የሸጡኝ፣ መርቀው ነው ያባረሩኝ!

«አንተ ወጣት ነህ፣ ትሄዳለህ ብዬ ነው» አሉ። «እኔን ከቀዬው ቢያወጡኝ የት እወድቃለሁ? ይኸው የሰይድን እርሻ የማርስለት እኔ ነኝ። ብትነግረው ከእጄ ይበላል?»

ሰይድ ከደጅ ገባ መሰለኝ፣ ስልኩን ሰጡት።

«ወንድምዓለም፣» አለኝ፣ «እኔ እኮ ይቅር ካልኩህ ቆየሁ። ለምን አትመጣም?»

«አላህ ይስጥህ» አልኩት።