ከቆጵሮሱ ሽማግሌ የደበቅሁት መርዶ

ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ውስጥ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ዘጠናን ያለፉ የቆጵሮስ ሰው ነበሩ። እዚህ የኖሩት ልብስ እየሰፉ ነው። የእኔ ሥራ ጠዋትና ቀትር እየሄዱ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው፤ ወሬ መስማት ውሌ ውስጥ የለም። እርሳቸው ግን ሳያወሩ አይጎርሱም።

ወሬያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ደሴታቸው በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ከግሪክ ጋር እንቀላቀል ብለው ተነሡ። ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ዘረጋች፤ መቀላቀሉን የፈለገ ሁሉ እየገባ ይፈርም ነበር። እርሳቸውም ገና ጎረምሳ ሆነው ፈረሙ። ቱርክኛ ተናጋሪ የሆነው የልጅነት ጓደኛቸው ደጅ ጠብቆ፣ "እኛንስ የት ልታደርጉን ነው?" አላቸው። "ባሕሩ ሰፊ ነው" ብለውት አለፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ግሪክ ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቀረበች፣ ቱርክ እምቢ አለች፣ በመጨረሻ ከእንግሊዝ ጋር እዚሁ ለንደን ተቀምጠው ደሴቷ ራሷን ትቻል፣ ከማንም አትዋሃድ ብለው ፈረሙ። እኔ ደግሞ ጎረቤት አገር ይቀላቀል አይቀላቀል የሚል ሙግት አባቴ ቤት ጠግቤ ነው ያደግሁት። እሺ፣ እሺ እያልኩ ገንፎውን አጎርሳቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ይሰለቸኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ግን ሌላ ነገር አሉኝ። ያ ጓደኛቸውም ለንደን መጥቶ የሚኖረው ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲተላለፉ አንገታቸውን እያዞሩ ኖረዋል። "ያቺን የባሕሩን ቃል አንሥቼ ልሙት" አሉኝ። እንዲህ ሲለምኑ ሰምቻቸው ስለማላውቅ አንጀቴን በሉት። የጓደኛቸውን ሴት ልጅ አፈላልጌ ደወልኩላት፤ ደስ ብሏት ለሐሙስ ቀጠረችን።

ሰኞ መልሳ ደወለች። አባቷ አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ከቀትር ጸሎት በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይገባል፤ የሚረዳው ሰው ደካማ ከሆነ ደግሞ እስኪበረታ ይደበቃል። ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸውም ታማሚ ነው። ወንድ ልጃቸው ቅዳሜ ከማንቸስተር ስለሚመጣ ያኔ አብረን እንነግራቸዋለን ብዬ ወሰንኩ። ማንንም አላማከርኩም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሾርባ አጠጣኋቸው። ሐሙስ ሱፌን አልብሺኝ አሉ፤ አለበስኳቸው። ከዚያ ጓደኛዎ ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ቀጠሮው ተዛውሯል አልኳቸው። እንግዲያው ስንሄድ ሎሚና ማር ይዘንለት እንሂድ አሉኝ። ወደ ኩሽና ገብቼ ውሃ ከፈትኩ፤ ማልቀሴን እንዳይሰሙ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከልጃቸው ጋር ሆነን ነገርናቸው። አላለቀሱም። መቼ ተቀበረ ብለው ጠየቁኝ፤ ማክሰኞ አልኳቸው። ይዤው የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝ።

"ማክሰኞ እዚህ ነበርሽ፤ ሾርባ ስታጠጪኝ" አሉ።

ልብዎን እንዳይጎዳዎት ብዬ ነው፣ በእኛ አገር ወጉ እንዲህ ነው አልኳቸው። ለራሴ ጆሮ እንኳን ሰበብ ሆኖ ተሰማኝ።

"በዊልቸር ብትወስጂኝ ለሬሳ ሳጥኑ እነግረው ነበር" አሉኝ።

ልጃቸው አባቱን ሊያባብል ሞከረ። እኔ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ፤ እስከ ባስ ፌርማታው ድረስ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። የደበቅኩት መርዶ ብቻ አልነበረም፤ ቀብሩን ነው የቀማኋቸው። ልብ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ መምረጥ የእርሳቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የቀጠረኝ ኤጀንሲ ደወለልኝ። ሽማግሌው ሌላ ሰው እንዲላክላቸው ጠይቀዋል። ምን አጠፋች ሲባሉ ምንም አላጠፋችም ብለዋል አሉኝ።