ለጥገና የወረደው ፕሪንተር

ሽቦ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የመዝገብ ክፍል ሴቶች ናቸው። ቅጥነቷን አይተን ነው ይላሉ፤ እውነቱ ግን ሲነኳት ስለምትነዝር ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ሁለት መሥሪያ ቤት ስታገናኝ ከረመች፤ እሷ ያለችበትን የልደት ምዝገባና ከተማው ወዲያ ጫፍ ያለውን የጤና መድን። በሁለቱም ቤት ሰርቨር ተከለች። መድን “ይህ ሰው መቼ ተወለደ?” ብሎ ሲጠይቅ የምዝገባው ሰርቨር በሦስት ሰከንድ መልሱን ያዘጋጃል፤ ጸሐፊዋ “ላክ” የሚለውን ትጫናለች፤ አለቀ። አይጥ ገመዱን ሁለቴ በልቶባት ሁለቴ ዘርግታለች። ሥራው በተጀመረ ዕለት ለአባቷ “ከእንግዲህ ወረቀት ይዞ የሚሮጠው ማሽኑ ነው፤ አንተ ቁጭ በል” ብላቸው ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጡበት ግራ ጉልበታቸው አልቋል። የቀዶ ጥገና ተራቸው ሐሙስ ነው። መድናቸው እስከ ረቡዕ ካልጸደቀ ተራው ለሌላ ያልፋል፤ ቀጣዩ የዛሬ ዓመት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እሷ መሥሪያ ቤት ሦስተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ታቅፈው ሲያለከልኩ አገኘቻቸው።

“አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“መድኖቹ መልሱን ከምዝገባ ይዘህ ና አሉኝ። ማሽኑማ ጎበዝ ነው አሉ፤ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።” ቀና ብለው አላዩዋትም። “ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።”

ደሟ ፈላ። የቀረውን ደረጃ በሩጫ ወጣችው። ለካ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ “ላክ”ን የነካው የለም። ጸሐፊዋ መልሱን ከስክሪኑ ላይ ታትማለች፣ ኃላፊው ማኅተም ይመቱበታል፣ ባለጉዳዩ ተሸክሞ ከተማውን ያቋርጣል፣ መድን ደግሞ ያንኑ መልሶ ኮምፒውተር ላይ ይጽፈዋል። ስምንት ወር ውሃ ስትወቅጥ ኖራለች።

ኃላፊው ግን አልደነገጡም። “ልጄ፣ ሰርቨር ቢሳሳት ማን ይጠየቃል? ማኅተም ባለቤት አለው።”

“ባለቤትማ አለው፤ እግር ነው የሌለው። የሚሄደው በአባቴ ጉልበት ነው።”

ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ነቀለችና እንደ ሕፃን አቀፈችው። ጸሐፊዋ ወዴት ብትላት “ለጥገና” አለች። አልዋሸችም፤ መጠገን ያለበት ነገር ነበር። የሰርቨሩ ክፍል ውስጥ፣ አይጡ ዘንድ አስገብታ ቆለፈችበት።

ሰልፍ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ኃላፊው ባዶውን ጠረጴዛ አዩ፤ ሰልፉን አዩ፤ ማኅተሙን እንደያዙ የሚመቱበት ወረቀት አጡ። እሾህ እንደዋጠ ሰው ሆነው ጸሐፊዋን “ላኪው፤ ለዛሬ ብቻ” አሏት።

የአባቷ ስልክ ጮኸ፤ መድኑ ጸድቋል። እሳቸው ገና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ድረስ መጣላት። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ማኅተሙ ግን ሁለት ቦታ ተመትቷል። አባቷ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፉ ዞር አሉና “ፕሪንተሩን መለስሽላቸው?” አሏት።

“ገና ጥገና ላይ ነው፣ አባዬ” አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።