ከማራኪ ስልክ የተላከው መልስ

በስደት የሚኖሩባት የስኔልቪል ከተማ እድር ጸሐፊ ጥላዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ ኢስት ፖይንት አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ስርዝ ድልዝ አይታይም፤ ሰው ሲሞት ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጠይቆ ይጽፋል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ማራኪ ልቧ ቀጥ ብሎ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። የጥላዬ የመጀመሪያ ቃል ሚካኤላ እንዳትሰማ የሚል ነበር። አንድያ ልጃቸው ሚካኤላ እዚያው አቅራቢያ ቻምብሊ ካለው አፓርታማዋ ሆና፣ ማርስ ላይ የምትዞረውን ሮቦት መኪና ከሚመሩት አንዷ ናት። መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ከተቀረቀረች ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ልጅቱም እንቅልፍ አልነበራት። ሥራዋን ትጨርስና እንደ ወጉ በሽማግሌ ትረዳ ተባለ።

ሐሙስ ሲነጋጋ የእድሩ ሊቀመንበር ሕሩይ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ በሯን አንኳኳ። ጥላዬ ከኋላ ነበር። ከፈተችላቸው። ኮምፒውተሯ ላይ ቀይ ሜዳና ረጅም የጎማ ዱካ ይታያል፤ መኪናዋ ወጥታለች። ሕሩይ እናቷ ማክሰኞ ማረፏን ሲነግራት አላለቀሰችም። ስልኳን አነሳች።

«ጋሽ ሕሩይ፣ ተሳስተዋል። ትናንት ይሄን ፎቶ ልኬላት መልሳልኛለች።»

አሳየቻቸው። ‹ጎበዝ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ› ይላል።

ይህ ከተመከረው ውስጥ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወደ ጥላዬ ዞሩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። «እናትሽ ዝም ስትልሽ ትደውያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሚካኤላ ስልኩን ወደ አባቷ አዙራ፣ «አባዬ፣ ከማርስ እንኳ እኮ ሜሴጅ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል» አለች። «ከስኔልቪል ሁለት ቀን ፈጀብህ፤ እሺ፣ እሱ ይሁን። በእሷ አፍ ግን እንዴት ታወራኛለህ?»

ሚካኤላ እስከ ቀብሩ ድረስ አላናገረችውም።

ከቀብር መልስ፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ጥላዬ የእድሩን መዝገብ አምጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ማራኪ ያረፈችበት ቀንና ሰዓት ሰፍሯል፤ መርዶው የተነገረበትም እንዲሁ። ከሥሩ እያየችው ጨመረበት፤ ‹ረቡዕ ከስልኳ ለልጇ የተላከው ቃል የሟች አይደለም፤ የባሏ የጥላዬ ነው።› ፈረመበት።

ሚካኤላ አማርኛ የምታነበው ፊደል እየቆጠረች ነው። እስከ ፊርማው ደረሰች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም።

«ሰዓቱንም ጻፈው» አለችው።