ሞላሁ ያለው ኮምፒውተርና የእትዬ ወፍ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ ግን «ችኩሏ» ነው የሚላት። ክር በጥርሷ ትበጥሳለች እንጂ መቀስ እስኪመጣ አትጠብቅም። ኮምፒውተርንም የለመደችው እንዲያው ነው። የጥልፍ መኪናዋን ስትገዛ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አብሮ መጣላት፤ ነካካችው፣ አበላሸችው፣ ጠየቀች፣ አስተካከለችው።

ያን ቀን ለአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የደረት ዓርማ በኮምፒውተሩ ስትስል አረፈደች፤ በተከፈተ መጽሐፍ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ። ርዕሰ መምህሯ ከሰዓት መጥተው የተጠለፈ ናሙና ያያሉ። ካላገኙ ሥራው ለሌላ ሰፊ ይሄዳል። እትዬ ስላ ጨርሳ «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፤ ቦታ የለም።

እኔ ልጄን ይዤ የሸሚዝ ቁልፍ ልተክልላት መጥቼ ነበር።

«ፍላሽ ላይ አድርጊው» አልኳት።

«መሰኪያው ከተሰበረ ከረመ። ይልቅ ልጅሽን ከገመዱ አርቂልኝ፤ እሱን ከነቀለው ወፌ በረረች።»

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «አጥፍታ ታብራው» አለ።

«የወንድሜ መድኃኒት ሁሌ አንድ ነው» አለች እትዬ። «ሲጠፋ እኮ ያልተቀመጠው አብሮ ይጠፋል።»

ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ መጻፍ ጀመረች። ሲስተሙም የእሷም ሥራ የሚቀመጡት አንድ የዲስክ ክፍል ላይ ነው፤ እሱ መቶ በመቶ ሞልቷል። የትኛው ፎልደር እንደከበደ ከትልቁ ወደ ትንሹ እየገባች ስትፈትሽ ግማሹን ዲስክ የበላ አንድ ፋይል አገኘች። ሎግ የሚባለው ነው፤ ፕሮግራም የገጠመውን የሚጽፍበት። ለካ ድሮ የሸጠችውን ፕሪንተር የሚጠብቅ ፕሮግራም እስከ ዛሬ «ፕሪንተሩ የለም፣ ፕሪንተሩ የለም» እያለ ሲጽፍ ኖሯል።

«ምን ዓይነት ለፍላፊ ነው» ብላ ፋይሉን ሰረዘችው። ሳቅን። እንደገና ስታይ ግን አሁንም መቶ በመቶ።

«እንዴ፣ ሰርዘሽው የለ?» አልኳት።

እትዬ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ሥራ ላይ ቆም ስትል አይቻት አላውቅም። «ደንበኛ ትዕዛዙን ሲሰርዝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጨርቁ ወደ መደርደሪያ የሚመለሰው መቼ ነው?»

«የምትሰፋው ልጅ ከመኪናው ስታወጣው።»

«አየሽ? እኔ የሰረዝኩት ስሙን ነው። ለፍላፊው ፋይሉን ገና አለቀቀም።»

ተሰርዘው ገና የተያዙ ፋይሎችን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፈች፤ እውነትም ያው ፕሮግራም ነው የያዘው። እሱን ብቻ አስቆመችው፣ ዳግመኛም እንዳይነሳ ዘጋችበት። ወፏ ያለችበትን መስኮት አልነካችም። ከዚያ ስናይ ግማሹ ባዶ! «አስቀምጥ»ን ተጫነች። ተቀመጠ። ልጄን ብድግ አድርጌ ቤቱን አዞርኩት፤ እሱም ምኑም ሳይገባው ተንከተከተ።

ርዕሰ መምህሯ ሲገቡ መኪናው ሁለተኛውን ክንፍ እየጠለፈ ነበር። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ምንቃሯን ትንሽ ያስረዝሙላት» አሉ፤ «ከዚያ ለሁሉም ልጆች ይጥለፉልኝ።»

«ይረዝማል፣ እሜቴ» አለች እትዬ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «አሁን ቦታው እንደ ልብ ነው።»