ሓደራ የሚለው ስም ከማን እንደመጣ

ከዓይናለም ሰፈር መነሻ

ባለፈው ሳምንት ቁሓ ደርሼ መጣሁ። ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ጉልበት ግን መንገድ ነው። የወሰደኝ የስም ነገር ነው።

የልጄ ሚስት ሰላም ሴት ልጅ ወልዳለች። የሟች ባለቤቴ ስም ይሁንላት፣ ሓደራ እንበላት አልኩ። በአማርኛው ያው አደራ ማለት ነው። ሰላም የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው። «ኣቦይ፣ ይሄ የወንድ ስም አይደል እንዴ? ለሴት ለምን ወጣ?» አለችኝ። ያን ያህል ዘመን አብሬያት ስኖር ባለቤቴን ጠይቄያት አላውቅም፤ ይህንኑ ነገርኳት።

«እንግዲያው ጠይቀው ይምጡ። አድጋ ስትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ካልተገኘ ሌላ እናወጣላታለን።»

እውነቷን ነው። ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባት፤ የወሊድ ፈቃዷ እያለቀ ነው፣ ልጅቷን የሚይዝላት ሰው አላገኘችም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ከጎኔ ያለችው ሴት የበለስ ባልዲዋን እግሬ ሥር አስቀመጠች። እሾሁ በሱሪዬ እየዘለቀ እስከ ቁሓ ወጋኝ።

ቁሓ

የሄድኩት ለተማርያም ከምትባል ሴት ዘንድ ነው። ባለቤቴ እንደ እኅት የምታያት የጎረቤት ልጅ ነበረች። ደጃፏ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በትግርኛ ነው ያወራነው፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው።

«አንተ፣ እስካሁን አለህ?»

«አለሁ። አንቺስ?»

«እኔንማ ሞት ረስቶኛል።» የያዝኩላትን ሕምባሻ ቆርሳ ቀመሰች። «ጨው የለውም።»

«ከሱቅ ነው።»

«ያስታውቃል።»

የስሙን ነገር ስጠይቃት ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ወላጆቿ ከእሷ በፊት የወለዷቸው ልጆች ሞተውባቸው ነበር። እሷ እንደተወለደች እናቷ በመስኮት ለእናቴ አቀበለቻት፤ በበር አይደለም። ‹ያንቺ ናት› አለቻት። እናቴም ‹ሓደራ› ብላ ተቀበለቻት፣ በዚያው ስሟ ሆነ። ጡት እስክትጥል እኛ ቤት ኖረች። ከዚያ ወላጆቿ አንድ ቁና ገብስ ሰጥተው ወሰዷት፣ እንደ ገዙ ሰዎች። ሞት እንዳያውቃት ነው።»

«ክፉ ስም ነው ማለት ነው?»

«አርጅታ፣ ልጆች ድራ የሞተች ሴት ስም ምኑ ክፉ ነው? ግን ስማኝ። ይህን ስም የሚያወጣው ወላጅ አይደለም፣ አያትም አይደለም። የሚይዛት ነው። አንተ ልትይዛት ነው ወይስ ስም ሰጥተህ ፀሐይህን ልትሞቅ?»



መልስ

በመልሱ ከፋብሪካ የሚወጡ ሴቶች ሚኒባሱን ሞልተውት ነበር። አንዷ ተነሥታ አስቀመጠችኝ። መንገዱን ሁሉ የለተማርያም ጥያቄ ነበር በጆሮዬ።

ቤት ስደርስ ለሰላም ሁሉንም ነገርኳት፣ የሞቱትንም አልደበቅኩም። ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። በቃ፣ ስሙ ቀረ ብዬ በረንዳ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ከኋላዬ መስኮቱ ተከፈተ።

«ኣቦይ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ይይዙልኛል?»

«ዳይፐር አላውቅም እኮ፣ ልጄ።»

«አሳይዎታለሁ።» ልጅቷን በመስኮት ዘረጋችልኝ። «የእርስዎ ናት።»

«ሓደራ» ብዬ ተቀበልኳት።

ስም ፍለጋ ሄጄ ሥራ ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ይህን የጻፍኩት ተኝታልኝ ነው። አሁን ግን ነቃች።