ግድግዳ ሳይፈርስ የተቀየረ ቧንቧ

ቧንቧ ሠራተኛው የሰው ሥራ አምኖ አያውቅም። ሌላ ባለሙያ ያሰረውን ቧንቧ ሳይፈታ አይቀጥልም፤ ሚስቱ የዘጋችውን በር እንኳ ተነስቶ ገፋ አድርጎ ያየዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ልቡን ሲያክሙት፣ ዋናው ጣጣ የመጣው ከሕክምናው በኋላ ነው።

ሐኪሙ በደንብ አስረድቶታል። የተደፈነውን የልብ ደም ሥር ትተው፣ ከደረቱ ውስጥ ጤነኛ ሥር አምጥተው ከተደፈነው በታች ቀጥለውለታል። ደረቱን መሃል ለመሃል አልሰነጠቁትም፤ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ነው የገቡት። እሱ ግን ቤቱ በገባ ማግስት ሸሚዙን ገልቦ መስታወት ፊት ቆመ። ከግራ ጡቱ ሥር ያለችው ስፌት ከጣት ብዙም አትረዝምም።

"በይ እዪልኝ!" አለ ሚስቱን። "ግድግዳ ሳይፈርስ የተቀየረ ቧንቧ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ቆዳዬን ጫር አድርገው ሰፍተው ነው የሸኙኝ።"

"ታዲያ ባስነጠስክ ቁጥር የሚያስጮህህ ምንድን ነው?"

"ስፌቱ ነዋ!"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ታላቅ ወንድሙም ያው ሕመም አለበት፤ እዚያው ሆስፒታል ቀጠሮ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ሊጠይቀው ሲመጣ ስፌቱን አሳየው።

"ጋሼ፣ እኔን ሸውደውኛል። አንተ እንዳትሸወድ።"

ወንድምየው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በማግስቱ ቀጠሮውን ሰረዘ።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ሥራ ጀምር አለው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከር ያፈሳል ተብሎ ተጠራ። ድሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ሕመሙ ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ደረጃው ላይ ቁጭ ይል ነበር። አሁንም እዚያው ቆሞ ሕመሙን ጠበቀው። አልመጣም። ሦስተኛው ላይም ጠበቀው፤ የለም። ጣሪያው ላይ ሲወጣ ከጉልበቱ መዛል በቀር ምንም አልተሰማው። ደስ ይበለው ይናደድ ግራ ገባው። ወዲያው ወንድሙ ትዝ ሲለው ክው አለ።

መፍቻውን ጥሎ ደወለ።

"ጋሼ! ተሳስቻለሁ፤ እውነትም ሠርተውታል! ነገ ዛሬ ሳትል ሂድና ቀጠሮህን አስመልስ።"

የወንድምየው ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ በስልኩ ይሰማል።

"እውነቱን ንገረኝ" አለ። "እነሱ ናቸው እንዲህ በል ያሉህ?"