የኔታ ያረሙት ቁልፍ

ሌሎች ስደተኞች የወጡበትን ሌሊት ሲያወሩ እኔ የማወራው ሌሊት የለኝም። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ በቆመበት ቀን፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ መጥቶ መንዝ ሞላሌ ላይ ሰው በሚጭን ሚኒባስ ነው። ሙክት የሚጎትት ሰውዬ «ደህና ግባ!» ብሎ ጮኸልኝ፤ ደብረ ብርሃን ደርሼ የምመለስ መስሎት ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ስለሆነ «አባባ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ሚኒባሱ ድረስ እህቴ አስካለ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አሉኝ።

«ለሁለት ሳምንት ስብሰባ ነው፣ የኔታ።»

መዋሸቴን ያወቁ ይመስለኛል። ለሁለት ሳምንት ስብሰባ ማንም ባና አይሸከምም፤ እሳቸው ግን ከትከሻቸው አውርደው ከበግ ጠጉር የተሠራውን የራሳቸውን ባና አስያዙኝ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። የኢንተርኔት ገንዘብ ማስቀመጫ ፕሮግራም እንሠራለን፤ ፈረንጆቹ ዋሌት ይሉታል፣ እኔ ቦርሳ ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል፣ እርማቱን ሌሎች አይተው ካጸደቁት ይገባል። አዲስ አበባ ሆኜ ነበር የምሠራው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዓመት ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ «ምን ትጽፋለህ? ለማን ትልካለህ?» የሚለኝም በዛ። በመሐሉ ጀርመን አገር የፕሮግራመሮች ስብሰባ ተጠራሁ። የኔታን ሞላሌ ወርጄ ተሰናብቼ ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

የጥገኝነት ቢሮዋ ሴትዮ ሥራዬን ጠየቀችኝ። «ቦርሳ እሠራለሁ» አልኩ በአማርኛ።

«የቆዳ?» አለች።

«የቆዳ አይደለም፤ በእጅ አይያዝም፣ አይታይም።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ብዬ ብተረጉምልህ የሚልኩህ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው» አለኝ።

ሴትዮዋ ከዚያ ወረቀቶቼን ደረደረች። ሥዩም የሚለው ስሜ በፓስፖርቴ፣ በዲፕሎማዬና በማመልከቻዬ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፏል። «ከሦስቱ የትኛው ነህ?» አለችኝ። «ሦስቱም እኔ ነኝ» ብላት «በማስረጃ ታረጋግጣለህ» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ እያረጋገጥኩ ነው።

ኑሮው ምን ይመስላል ላላችሁኝ፣ ብርዱ ከመንዝ አይብስም። የኛ ብርድ ቤት ገብቶ አብሮን ይቀመጣል፤ እነሱ ግን ከበር ይመልሱታል። ዳቦአቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ የገብስ ዳቦ ሊመስል ይጀምርና መሐል ላይ ይተወዋል። አከራዬ ባናዬን አሽትታ በግ አስገብቶ ይሆናል ብላ አልጋዬ ሥር ሁሉ ፈልጋለች። ስለ ሥራዬም ሰምታ፣ «የሠራኸውን በነፃ ትሰጣለህ? ታዲያ ኪራዩን በምን ትከፍላለህ?» አለችኝ።

«የሚጠቀሙበት ሰዎች በፈቃዳቸው ያዋጣሉ።»

«እንደ ቤተ ክርስቲያን ነዋ» አለች። ከእሷ የተሻለ የገለጸልኝ ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። ቦርሳው የሚከፈተው በዐሥራ ሁለት ቃላት ነው። ስልክህ ቢሰበር እነዚያን ቃላት ሌላ ስልክ ላይ ትጽፍና ያለህ ሁሉ ይመለሳል፤ አንዲት ፊደል ከሳትክ ግን አይከፈትም። ቃላቱ የሚወጡበትን የአማርኛ ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከፕሮጀክቱ ሰዎች አማርኛ የሚያነብ ስለሌለ ሳይታረም ገባ። የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ አስካለ ሆነች፤ የየኔታን ዓይን ማሳከሚያ በእሱ ላክሁላት። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በብር ይቀይርላታል። በባንክ መላክ አቅቶኝ አይደለም። በራሴ ቦርሳ፣ በራሴ ቋንቋ ልላክ ብዬ ነው። ጉራ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«ቃላቱን ወረቀት ላይ ገልብጪ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እኔም ብጠይቅሽ እንዳትነግሪኝ» አልኳት።

ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ለየኔታ ቀጠሮ ሰጠ። ቀጠሮው ስድስት ቀን ሲቀረው አስካለ ስልኳን ውኃ ውስጥ ጣለችው። ሌላ ስልክ ተውሳ ቃላቱን ብትጽፍ ቦርሳው አልከፈትም አላት። ደወለችልኝ።

«በደንብ ገልብጠሻል?»

«ከነነጥቡ!»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«ውይ! እኔም ብጠይቅሽ አትንገሪኝ ብለኸኝ የለ እንዴ?»

«አስካልዬ፣ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እንደዛ የሚልሽ ሰው ሌባ ነው ያልከኝም አንተው ነህ።»

ከኋላዋ የየኔታ ድምፅ መጣ፤ «ወረቀቱ ምንም እንከን የለበትም። እኔ ራሴ አርሜዋለሁ።»

ክው አልኩ። «ምኑን አረሙት የኔታ?»

«በየትኛው ሰ ጻፈው፣ በየትኛው ሀ ጻፈው እያልኩ አስነበብኳታ! ሠራዊትን በእሳቱ ሰ! ንጉሡ ሠ የት ሄዶ ነው? ፀሐይን በሃሌታው ሀ! እኔ እንደዚህ ነው ያስተማርኩህ? አዲስ ወረቀት ላይ በወጉ አስጻፍኳት።»

«የኔታ፣ ቃላቱን እኮ እየነገሩት ነው!» ብላ አስካለ ጮኸች።

«የድሮው ወረቀትስ?» አልኩ።

«ስሕተት ምን ያደርጋል? እሳት ገባ» አሉ የኔታ።

አስካለ ቃላቱን ብትነግረኝ ያኔውኑ አስተካክልላት ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ወይ ፍንክች! ተናድጄም ኮራሁባት። ግን ሌላ የምልከው ገንዘብ የለኝም፤ ሐኪሙ ተራውን ለሌላ ቢሰጥስ? የአባቴን ዓይን በጉራዬ አጨለምኩት ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ሦስቱን ሀ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱን ጸ እንደ አንድ የሚቆጥር ጥቂት መስመር ኮድ ጻፍኩ።

የሚያጸድቅልኝ ማርተን የሚባል ሆላንዳዊ ነው። «ለምን ሁለት ሰ ኖራችሁ?» ብሎ ጻፈልኝ።

«ድምፃቸው አንድ ነው።»

«ታዲያ አንዱን ለምን አትጥሉትም?»

«አባቴ አይፈቅዱም።»

«አባትህ የፕሮጀክቱ አባል ናቸው?»

«አራሚ ናቸው» አልኩት።

ሞክሮ፣ ጠይቆ፣ ደግሞ ሞክሮ በአራተኛው ቀን አጸደቀው። በአምስተኛው ቀን አስካለ የተሻለ ኔትወርክ ወዳለበት መሐል ሜዳ ወጥታ አዲሱን ፕሮግራም ጫነች፤ የየኔታን ወረቀት እያየች ጻፈች፤ ተከፈተ። በማግስቱ የኔታ ደብረ ብርሃን ገቡ።

ፋሻው ከተነሣ በኋላ ደወልኩላቸው።

«ወረቀቷን በዓይኔ አየኋት» አሉ። ድምፃቸው ወጣት ሆኗል። «ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው። ያንተንስ ዝርዝር አረምከው?»

«ማረም አልችልም የኔታ። ባርመው እስካሁን በእሱ የተከፈተ ቦርሳ ሁሉ ይዘጋል። ቁልፉ ስሕተቱ ነው። ግን አሁን ፕሮግራሙ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ለእሱ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ አንድ ናቸው።»

ስንት ዓመት እየቆነጠጡ ያስተማሩኝን በጥቂት መስመር እንደሻርኩባቸው ገባኝና አፈርኩ።

«ይሁን» አሉ። «ዓይኔን ያበራ ስሕተት ነው፣ ምን እለዋለሁ። እዚያስ ስምህን በየትኛው ሠ ነው የሚጽፉት?»

ሥዩም በንጉሡ ሠ ነው። ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

«እዚህ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፣ የኔታ።»

«እህ» አሉ። «ታዲያ አንተ መሆንህን በምን ያውቃሉ?»